ስልኩን ልስበረው? ስለ ጌም፣ ስለ ሌሊትና ስለ ማትሪክ የቀረቡ ጥያቄዎች

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉም ከሰሜን ሸዋ ናቸው። የጠያቂዎቹን ስም ትተን አካባቢያቸውን ብቻ ጽፈናል። ሰዓቱ በሙሉ በእኛው አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 16 ዓመቱ ነው፣ 11ኛ ክፍል ነው። እስከ 9ኛ ክፍል ከአንድ እስከ አምስት ይወጣ ነበር፤ ዘንድሮ በመጀመሪያው መንፈቅ 31ኛ ወጣ። ሌሊት ስነቃ ከብርድ ልብሱ ሥር የስልክ መብራት ይታየኛል። ፍሪ ፋየር የሚሉት ጨዋታ ነው። አባቱ «ስልኩን ሰብሬ እገላገላለሁ» ይላል። እኔ ደግሞ ጻድቃኔ ማርያም ጸበል ልውሰደው እያልኩ ነው። በሽታ ነው እንዴ? — እናት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ከጻፉልን ብቻ ተነስተን ግን ነው አንልም። የዓለም ጤና ድርጅት ከቁጥጥር የወጣ ጌም መጫወትን በ11ኛው የበሽታዎች መዝገቡ አስገብቷል፤ መዝገቡም እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። መለኪያዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ልጁ መጀመርም ማቆምም ከእጁ ወጥቶበታል ወይ? ሁለተኛ፣ ጌሙ ከምግብ፣ ከጓደኛ፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከኳስ፣ ከሁሉም ቀድሟል ወይ? ሦስተኛ፣ ጉዳቱን እያየ ይቀጥላል ወይ? ይህ ሁሉ ሕይወቱን በግልጽ እያበላሸ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ያህል የቆየ መሆን አለበት። ልብ ይበሉ፣ «በቀን ይህን ያህል ሰዓት ከተጫወተ» የሚል ነገር በመለኪያው ውስጥ የለም። ቅዳሜን ሙሉ ተጫውቶ ሰኞ በሰዓቱ ደብተሩን የሚይዝ ልጅ አለ፤ በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ተጫውቶ ያቺን ሁለት ሰዓት ከእንቅልፉ የሚሰርቅም አለ።

የእርስዎ ልጅ ሁለተኛው ይመስለናል። በእሱ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ተጫውቶ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ከተነሳ የተኛው አራት ሰዓት ተኩል ነው። ቀን የተማረው ነገር አእምሮው ውስጥ የሚጸናው በእንቅልፍ ነውና ደብተሩን ቢያነብም አይዘውም። ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፣ ፈተና ይወድቃል፣ ያፍራል። ያፈረ ልጅ ደግሞ ጎበዝ ወደሚባልበት ቦታ ይሄዳል፤ ያ ቦታ ለእሱ ጌሙ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚመለሰው ሌሊቱ ነው። ስለ ጠቅላላው ሰዓት በኋላ ትነጋገራላችሁ።

ስልኩን መስበሩን ይተውት። ልጁ በማግስቱ የጓደኛውን ስልክ ይዋሳል ወይም ፕሌይስቴሽን ቤት ይገባል፤ እርስዎ ደግሞ የሚያዩትንም የሚደራደሩበትንም ነገር ያጣሉ። መንግሥትም ሞክሮት አልሆነለትም፦ ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2011 ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ኦንላይን ጌም እንዳይጫወቱ በሕግ ከለከለች፤ ልጆቹ በወላጆቻቸው መታወቂያ እየተመዘገቡ ገቡ። ሕጉ ከ2022 መግቢያ ጀምሮ ቀርቷል።

በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አይከልክሉ። አንድ ደብተር ይስጡትና ልጁ ራሱ አራት ነገር ይጻፍ፦ ስንት ሰዓት ተኛሁ፣ ስንት ሰዓት ተነሳሁ፣ ስንት ማች ተጫወትኩ፣ ከመክፈቴ በፊት ምን ነበር? ዋናው የመጨረሻው ነው። «የሒሳብ ፈተና ተመለሰልን» ከሆነ የሚሸሸው ሒሳቡን ነው። «አባባ ተቆጣ» ከሆነ የሚሸሸው ቤቱን ነው። «ልጆቹ ደወሉልኝ» ከሆነ ጌሙ የጓደኞቹ መገናኛ ነው፤ ጌሙን ስትከለክሉት ጓደኞቹንም መከልከላችሁ መሆኑን ማወቅ አለባችሁ። የተጫወተበትን ሰዓት ከተጠራጠሩ የስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ዲጂታል ዌልቢንግ የሚለው ቦታ ለእያንዳንዱ አፕ የዋለውን ጊዜ ያሳያል።

በሁለተኛው ሳምንት ሌሊቱን ብቻ ይያዙ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ የቤቱ ስልክ ሁሉ፣ የአባቱም ጭምር፣ ሳሎን ቻርጅ ላይ ይደር። የአባት ስልክ ራስጌው አድሮ የልጁ ብቻ ሳሎን ከዋለ ነገሩ ቅጣት ይሆናል፣ በሳምንቱም ይፈርሳል። «አላርሜ እኮ ነው» ማለቱ አይቀርም፤ ርካሽ የጠረጴዛ ሰዓት ይግዙለት። ሌላው የደብረ ብርሃን ብርድ ነው። ልጁ ገና በ1 ሰዓት ተኩል አልጋ ውስጥ ገብቶ እዚያው ያነባል፣ እዚያው ይጫወታል፣ እዚያው ይተኛል። ጋቢውን ደርቦ ጠረጴዛ ላይ ያጥና፤ አልጋ ለመኝታ ብቻ ይሁን።

ብዙ ቤት የሚጣላው በአንዲት ነገር ነው። ፍሪ ፋየር ላይ 50 ሰው በአንድ ሜዳ ይወርዳል፤ ልጅዎ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት ሰው ቡድን አንዱ ነው፤ አንድ ማች ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይወስዳል። መሐል ላይ ጥሎ ከወጣ ቡድኑ ይጎዳል፣ እሱም ነጥብ ይቀነስበታል። «አሁኑኑ ዝጋ!» ሲሉት በእሱ ጆሮ «ጓደኞችህን ክዳ» ነው። ስለዚህ ገደቡን በደቂቃ ሳይሆን በማች ቁጥር ይወስኑ። ከመጀመሩ በፊት «የኔ ጌታ፣ ይኼ ስንተኛው ነው? ሲያልቅ ስልኩን ሳሎን አምጣልኝ» ይበሉት። የመጨረሻው ማች ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ አይጀመር።

ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ በትምህርት ቀን ከጥናት በኋላ ሦስት ወይም አራት ማች፣ ዓርብና ቅዳሜ ሰፋ አድርጎ መፍቀድ ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሳምንታት ይነጫነጫል፣ በር ይወረውራል፣ ምግብ ይገፋል። በአራተኛው ቀን ሲጮህ ከለቀቁለት ግን መጮህ እንደሚሠራ አስተማሩት ማለት ነው። አንዳንዴ ብቻ የሚገኝ ሽልማት ሁልጊዜ ከሚገኘው ይበልጥ ያስራል፤ ጌሙም ልጁን የያዘው በዚሁ ዘዴ ነው።

ጻድቃኔ መሄዱን እንሂድ ካሉ ይሂዱ። እዚያ በሚቆይባቸው ቀናት ስልክ የለም፣ በጊዜ ይተኛል፣ በጊዜ ይነሳል፤ ብዙ ልጅ ቀለል ብሎት የሚመለሰው በዚህም ጭምር ነው። ከተመለሰ በኋላ ግን ያው አልጋ፣ ያው ስልክ፣ ያው የሒሳብ ደብተር ነው የሚጠብቀው። ከመሄድዎ በፊት የሌሊቱን ሥርዓት ከአባቱ ጋር ይስማሙበት።

ጥያቄ፦ 12ኛ ክፍል ነኝ። ቤተሰብ «ዶክተር ትሆናለች» ብሎ አገር አስወርቷል። ደብተር ስከፍት ደረቴ ይጨንቀኛል፤ ሞባይል ሌጀንድ ስከፍት ይለቀኛል። ደግሞስ ከመቶ ስምንት ብቻ ለሚያልፍበት ፈተና ማጥናት ምን ዋጋ አለው? — ተማሪ፣ ከሸዋ ሮቢት

መልስ፦ ከቁጥሩ እንጀምር። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ናቸው። ከባድ ነው፣ አንዋሽሽም። ግን ይህ ዕጣ አይደለም፤ ስምሽ ከመቶ ስምንት ጊዜ ይወጣል ማለት አይደለም። ያንቺን ዕድል የሚነግርሽ ባለፉት ዓመታት ፈተና ላይ ዛሬ ስንት እንደምታመጪ ነው። እሱን ደግሞ የምታውቂው አይመስለንም፣ ምክንያቱም የጨነቀው ሰው መጀመሪያ የሚሸሸው መለካትን ነው።

ደረትሽን የሚይዘው ነገር አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ደብተር ትከፍቻለሽ፣ ይጨንቅሻል፣ ጌም ትከፍቻለሽ፣ ጭንቀቱ በደቂቃ ይጠፋል። ሰውነትሽ «መፍትሔው ይኼ ነው» ብሎ ይይዘዋል። ያልተነበበው ክምር ደግሞ ያድጋል፤ ነገ ስትከፍቺ የበለጠ ይጨንቃል። መውጫው ጭንቀቱ እያለ መጀመር ነው፣ ግን በትንሹ። 25 ደቂቃ አጥኚና 5 ደቂቃ ተነሺ። ለመጀመሪያው ሳምንት በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ። ጭንቀቱ ከመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል፤ ያንን ራስሽ ካላየሽው ማንም ቢነግርሽ አታምኚም።

ደጋግሞ ማንበብ ያወቁ ያስመስላል እንጂ አያሳውቅም። አንድ ገጽ አንብቢ፣ ዝጊው፣ የያዝሽውን በባዶ ወረቀት ጻፊ፣ ከዚያ ገልጠሽ የጎደለውን በቀይ ሙዪ። ያንኑ ገጽ በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ እንደገና በባዶ ወረቀት። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ የአንድ ትምህርት የቀድሞ ፈተና ይዘሽ ተቀመጪ፤ ሰዓቱ ወረቀቱ ላይ እንደተጻፈው፣ ስልክ ሌላ ክፍል። ስታርሚ የሳትሻቸውን ሦስት ቦታ ክፈያቸው፦ ያልተማርኩት፣ የረሳሁት፣ ቸኩዬ የሳትኩት። የሚቀጥለው ሳምንት ጥናትሽ ከዚህ ይወጣል። ውጤቱን በየሳምንቱ ደብተርሽ የመጨረሻ ገጽ ላይ መዝግቢ። ሌጀንድ የያዘሽ ራንክሽ ሲወጣና ሲወርድ በዓይንሽ ስለምታዪው ነው፤ ማትሪክ ግን 12 ዓመት አስጠብቆ አንድ ቀን ብቻ ይነግርሻል። ይህች ገጽ በየሳምንቱ ትነግርሻለች።

የሸዋ ሮቢትን ሙቀት አትታገዪው። ከቀትር እስከ 10 ሰዓት ማጥናት ላብ ማፍሰስ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኝተሽ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሺ፤ 8 ሰዓት ሙሉ ተኛሽ ማለት ነው። ከ11 እስከ 12 ሰዓት ተኩል ባለው ቅዝቃዜ ከባዱን ትምህርት ያዢ። ጌሙን ከቀትር በኋላ ወዳለው ሙቀት አዙሪው፣ ሁለት ወይም ሦስት ማች።

አንቺ ባትጽፊውም አንድ ነገር እንበል። ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ውኃው፣ ቡናው፣ እንጀራው ካንቺ ከሆነና ወንድምሽ ግን ሜዳ የሚውል ከሆነ፣ ማታ ስልክ የያዝሽባት ሰዓት ከቀኑ ውስጥ ያንቺ የሆነችው ብቸኛዋ ሰዓት ናት ማለት ነው። እሷን ቀንሺ ከማለት በፊት የቤቱ ሥራ እስከ ፈተናው ድረስ ይከፈል። ይህን አንቀጽ ለእናትሽ አንብቢላት።

መጽሐፉ በቴሌግራም የመጣ ፒዲኤፍ ሆኖ ስልክሽ ላይ ከሆነ ጌሙና መጽሐፉ አንድ ቤት እያደሩ ነው። የሳምንቱን ምዕራፍ ብቻ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሚ፤ ካልሆነም ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ዳታውን ዘግተሽ አንብቢ። ጌሙን በትምህርት ቀን አጥፍቶ ዓርብ እንደገና መጫንም ይሠራል፤ ግን ከማጥፋትሽ በፊት አካውንቱ ከጂሜይል ወይም ከፌስቡክ ጋር መያያዙን እዪ። «ጌስት» ሆኖ የተከፈተ አካውንት ሲጠፋ የዓመት ድካም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ወላጆችም ይህን ልብ በሉ፤ ሳያውቁ አጥፍተው ቤት የሚነደው በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ገጠር ነው። ልጄ መሐል ሜዳ ቤት ተከራይቶ 10ኛ ክፍል ይማራል። በየሁለት ሳምንቱ ስንቅ ሊወስድ ይመጣል። ለወር የላክሁለት ገንዘብ በሳምንት ያልቃል፣ ከስቷልም። ጓደኞቹ ጌም ላይ ነው የሚጨርሰው ይላሉ። እኔ ያለኝ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ምን እቆጣጠራለሁ? — አባት፣ ከመንዝ (በእህቱ ልጅ የተጻፈ)

መልስ፦ ጋሼ፣ የእርስዎ ልጅ ከሁሉም የባሰው ቦታ ላይ ነው ያለው፦ ዕድሜው ያልጠና፣ ብቻውን የሚያድር፣ ማታ የሚያናግረው ሰው የሌለው። ጌሙ ውስጥ ግን ሁልጊዜ የሚያናግረው አለ። ጌሙን ከመውቀስዎ በፊት ብቻውን ማደሩን ያስተካክሉ። ከአንድ ቀበሌ የመጡ ሁለት ሦስት ልጆች አንድ ቤት እንዲይዙ፣ ከእነሱ አንዱ ከፍ ያለ ክፍል ያለ እንዲሆን ያድርጉ። ኪራዩም ይቀላል።

ገንዘቡን በወር አይላኩ። የቤት ኪራዩን በቀጥታ ለአከራይዋ፣ የቀረውን በየሳምንቱ ይስጡ። ጤፍ፣ ሽሮ፣ በሶ በዓይነት ይሂድ፤ በሶ ወደ ዳይመንድ አይለወጥም። ዳይመንድ ጌሙ ውስጥ ልብስና መሣሪያ የሚገዛበት ነው፤ ብዙ ጊዜ በቴሌግራም ከሚሸጡ ሰዎች በቴሌብር ይገዛል። የእህትዎ ልጅ ሲመጣ ከልጁ ስልክ ላይ ከ127 (ከቴሌብር) የገቡትን መልእክቶች አብረው ይዩ፤ ለማን ስንት እንደተላከ እዚያ ተጽፏል። ተደብቀው ሳይሆን ልጁ ባለበት።

ለሌሊቱ ደግሞ አከራይዋን ይጠይቁ። ምሽት 3 ሰዓት ስልኩን ተቀብላ ጠዋት እንድትሰጠው። ብዙ እናቶች እሺ ይላሉ፤ ትንሽ ስጦታ ቢሰጧት አይከፋም። እምቢ ካለች ከሰኞ እስከ ዓርብ እርስዎ እንደያዙት ያለ ባለ ቁልፍ ስልክ ይያዝና ስማርቱ ቤት ይቆይ። በወር አንድ ጊዜ በገበያ ቀን ሲወርዱ የክፍል ኃላፊ መምህሩን ያግኙ፤ የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው፦ ስንት ቀን ቀረ? የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ይደርሳል? ሌሊት የሚያመሽ ልጅ መጀመሪያ የሚያጓድለው የጠዋቱን ነው። የከሳውን ግን በጌም ብቻ አያሳቡ፤ ጤና ጣቢያም ይታይ።

ጥያቄ፦ ፋሚሊ ሊንክ የሚባለውን ጫን አሉኝ። እንዴት ነው የሚሠራው? — አባት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ፋሚሊ ሊንክ ወላጅ የልጁን ስልክ ከራሱ ስልክ ሆኖ የሚቆጣጠርበት የጉግል አፕ ነው። ለልጁ አንድሮይድ ስልክ፣ ለሁለታችሁም ጂሜይል ያስፈልጋል። በእርስዎ ስልክ ከፕሌይ ስቶር ጉግል ፋሚሊ ሊንክን ይጫኑ፣ የልጁን ጂሜይል ያስገቡ፣ በልጁ ስልክ ላይ የሚመጣውን ተከትለው ያያይዙ። ዕድሜው ከ13 ዓመት በላይ ከሆነ ፈቃዱ ይጠየቃል፤ ተደብቆ የሚሠራ ነገር አይደለም። ከዚያ ሦስት ነገር ብቻ ያስተካክሉ፦ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ስልኩ እንዲቆለፍ፣ ለጌሙ የቀን ገደብ፣ አዲስ አፕ ሲጫን የእርስዎ ፈቃድ እንዲጠየቅ።

የሚከሽፍበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ አስቂኝ ነው፦ የአባትየውን ጂሜይል የከፈተለት ልጁ ራሱ ነው፣ ፓስዎርዱንም ያውቀዋል። መጀመሪያ ፓስዎርድዎን ይቀይሩ። ቀጥሎ ስልኩ ላይ ሁለተኛ አካውንት ወይም ሌላ ተጠቃሚ መከፈቱን፣ አንድን አፕ ሁለት የሚያደርግ ነገር መኖሩን ይዩ። ዲጂታል ዌልቢንግ ላይ የሚሞላውን ሰዓት ልጁ ራሱ ሊያነሳው ስለሚችል የሚጠቅመው ለፈለገ ልጅ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ «ጌም አይደለም፣ ብር ልሠራበት ነው» ይለኛል። — እናት፣ ከደብረ ሲና

መልስ፦ የትኛው እንደሆነ ያሳይዎት። በ2016 ዓ.ም. ሐምስተር ኮምባት የሚባል ስልክ መነካካት አገሩን ሁሉ ይዞት ነበር፤ ወራት ነክተው ብዙዎች ያገኙት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። እንዲህ ያለው ጊዜ ይበላል እንጂ ኪስ አይበላም። አቪዬተርና የኳስ ውርርድ ግን ቁማር ናቸው፤ የማች ቁጥር ተስማምቶ መቀነስ እዚህ አይሠራም፣ ዜሮ መሆን አለበት። ከቤት ዕቃ ከጠፋ፣ ከጓደኛ ከተበደረ፣ የተሸነፈውን ለማስመለስ እንደገና ከገባ ዕዳውን ከፍለው ብቻ አይተዉት፤ የቴሌብሩን ሚስጥር ቁጥር ይዘው ወደ ባለሙያ ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ ተማሪዬ ክፍል ውስጥ ሲጫወት ስልኩን ወሰድኩበት። «ብሞት ይሻለኛል» አለኝ። ማስፈራሪያ ነው? — መምህር፣ ከደብረ ሲና

መልስ፦ እንደ ማስፈራሪያ አይውሰዱት። ዛሬውኑ ለብቻው ወስደው፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ፣ በቀጥታ ይጠይቁት፦ «ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ? እንዴት እንደምታደርገውስ አስበሃል?» መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም፤ ብዙ ልጅ የሚጠይቀው አጥቶ ነው የቆየ። አዎ ካለ ብቻውን ወደ ቤት አይሂድ፤ ወላጅ ይጠራ። ለወላጆቹ የእርሻ ፀረ ተባይ፣ መድኃኒትና የጦር መሣሪያ ካለ በዚያው ቀን ከቤት እንዲያወጡ ወይም እንዲቆልፉ ይንገሯቸው። ልጁንም በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት፤ ከአካባቢያችሁ ከፍ ያለው ደብረ ብርሃን ያለው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። ከዚያ በላይ ካስፈለገ አዲስ አበባ ወደሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ሊልኩት ይችላሉ።

ጌም ማቆሚያ ተብሎ የሚዋጥ መድኃኒት የለም። ሐኪሙ የሚፈልገው ከጌሙ ሥር የተደበቀ ድባቴ፣ ጭንቀት ወይም ትኩረት ማጣት መኖሩን ነው፤ እሱ ከታከመ ጌሙም አብዛኛውን ጊዜ ይረግባል። ሲሄዱ የሁለት ሳምንት የእንቅልፍ መዝገብ፣ ያለፉት ሁለት ዓመታት የትምህርት ውጤት ካርድና ከትምህርት የቀረበትን ቀን ዝርዝር ይዘው ይሂዱ። የወሰዱትንም ስልክ ለወላጁ ያስረክቡ፤ መሳቢያ ውስጥ አይደር።